ሁሉም ፊደል «ቤት» ሲሆን፦ አማርኛና ዕብራይስጥ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ

ከሃነቪኢም መንገድ ወደ ኢትዮጵያ መንገድ የሚታጠፍ ሰው ጥቂት እንደተራመደ ሁለት ቋንቋዎችን ፊት ለፊት ያገኛል። በአንድ በኩል በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምሮ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ያለቀው ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ቅዳሴው በግዕዝ ነው። ከማዶው ኤሊዔዘር ቤን የሁዳ የኖረበት ቤት ይታያል። ቤን የሁዳ በ1881 ኢየሩሳሌም ገብቶ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዕብራይስጥን ከጸሎት መጽሐፍ አውጥቶ ወደ ገበያና ወደ ወጥ ቤት ለማምጣት ሲታገል የኖረ ሰው ነው። ለመዝገበ ቃላት «ሚሎን» የሚለውን ቃል የፈጠረው እሱ ነው፤ የራሱ ትልቁ ሚሎን ግን በ17 ቅጽ ተሟልቶ የወጣው እሱ ከሞተ ከ37 ዓመት በኋላ፣ በ1959 ነበር። መንገዱም ቀድሞ «ሪሖቭ ሃሐባሺም» ይባል ነበር፤ የሐበሾች መንገድ ማለት ነው።

ሁለቱ ፊደሎች በዚያች ጠባብ መንገድ ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ሲተያዩ ኖረዋል። አንዱ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል፤ ግን ግድግዳው የየራሳቸው ስለሆነ አልተጋፉም። መጋፋቱ የመጣው በአንድ የኮምፒውተር ፋይል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ ሲባሉ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው። ነገሩ የፕሮግራም ሠሪዎች ጣጣ ይመስላል፤ እኔ ግን እንደ ታሪክ ነው የማየው፤ ምክንያቱም የሚሰበረው ፕሮግራም የሚሰበረው ዛሬ በተሠራ ነገር ሳይሆን በ1989፣ በ1997፣ በ2017 በተወሰነ ውሳኔ ነው።

እኔ የምኖረው በከተማዋ ሰሜን ጫፍ፣ ኔቬ ያዕቆብ ነው። እዚህ ሰፈር ኩፓት ሆሊም የሄደ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ፦ ሴት አያት ሐኪሙ ፊት ትቀመጣለች፣ አጠገቧ የ12 ዓመት የልጅ ልጇ ይቀመጣል፣ ልጁ የአያቱን የሆድና የማሕፀን ሕመም በዕብራይስጥ ያስረዳል። አያት ታፍራለች፤ ግማሹን አትናገርም። ልጁም «ከምግብ በፊት» እና «ከምግብ በኋላ» የሚለውን በአማርኛ አሳምሮ አይለየውም። ለዚህ ብለን ከጥቂት ተማሪዎች ጋር አንድ ትንሽ ፕሮግራም መሥራት ጀመርን፤ የሕክምና ቃላት በሁለት ቋንቋ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ለሚታተም ወረቀትና ለስልክ። የዕብራይስጡን የቃላት ዝርዝር ከቀድሞ ሥራ ወረስነው፤ የአማርኛውን አዲስ ጻፍነው። በጃቫ ነው የተሠራው።

ታዲያ አንዱ ተማሪ ኮምፒውተር ላይ ያለ ችግር የሚገነባው ፕሮግራም ሌላው ላይ እምቢ አለ። «ጋሼ፣ እኔ ጋ እኮ ይሠራል!» የሚለውን ዓረፍተ ነገር የሰማሁትን ያህል ሌላ ነገር የሰማሁ አይመስለኝም። አንደኛው ሊኑክስ ነው ያለው፤ ሁለተኛው ዕብራይስጥ የተጫነበት ዊንዶውስ። አንደኛው ጃቫ 17፣ ሁለተኛው ጃቫ 11፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ጃቫ 21። ኮዱ አንድ ነው፤ የኮዱ አንባቢ ግን ሦስት ነው።

ከፊደሉ እንጀምር። ዕብራይስጥ 22 ፊደላትና 5 የመጨረሻ ቅርጾች አሉት፤ በጠቅላላው 27። የድሮ ኮምፒውተር ለአንድ ፊደል የሚሰጠው ቁጥር ከ0 እስከ 255 ብቻ ነበር፤ ግማሹን እንግሊዝኛ ቢወስደውም ዕብራይስጥ በቀሪው ውስጥ ተንደላቆ ይቀመጣል፣ ለነጥቦቹም ቦታ ይተርፋል። በዊንዶውስ የዕብራይስጥ ሠንጠረዥ ስሙ 1255 ይባላል። የግዕዝ ፊደል ግን 33 በ7 ብሎ ሲባዛ ብቻ 231 ነው፤ ዲቃላውን፣ ቁጥሩንና ነጥቦቹን ሳንጨምር። አይገባም። ስለዚህ ዕብራይስጥ የራሱን ሠንጠረዥ ይዞ በሰላም ሲኖር፣ አማርኛ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ፊደሉን በሁለትና በሦስት ፎንት እየከፋፈለ፣ እያንዳንዱ ድርጅት በገዛ ራሱ ቁጥር እየጻፈ ቆየ። የአንዱ ፎንት ጽሑፍ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ነገር ይወጣል። በ1990ዎቹ እነ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ አማርኛን በላቲን ፊደል ቁልፎች የሚወክል «ሴራ» የተባለ ሥርዓት ያወጡት በዚህ ጭንቅ ውስጥ ነው፤ ስሙ ምሕጻረ ቃል ነው እንጂ የአማርኛው ሴራ አይደለም!

መፍትሔው ዩኒኮድ ሆነ። ዕብራይስጥ ገና በመጀመሪያው ዩኒኮድ፣ በ1991 ገባ። የግዕዝ ፊደል የገባው በዩኒኮድ 3.0፣ በ1999 ነው፤ 345 ምልክቶችን ይዞ። በመካከል 8 ዓመት አለ። 8 ዓመት በኮምፒውተር ዕድሜ ትንሽ አይደለም፤ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ነው ጃቫ የተወለደው። ጃቫ በውስጡ ዩኒኮድን ቢይዝም፣ በዲስክ ላይ ያለ ፋይልን ሲያነብ ግን የሚጠይቀው «ይህ ኮምፒውተር በምን ሠንጠረዥ ነው የሚያነበው?» ብሎ ነበር። በኢየሩሳሌም ያለ ዕብራይስጥ ዊንዶውስ ደግሞ መልሱ 1255 ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብዬ ቁጥሮቹን ላሳያችሁ፤ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ዛሬ ፋይል የምናስቀምጥበት ዩቲኤፍ-8 የተባለው አጻጻፍ ለአንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ቁጥር ይሰጣል። ሀ ማለት 225፣ 136፣ 128 ነው። ሰ ማለት 225፣ 136፣ 176። ደ ማለት 225፣ 139፣ 176። በዋናው የግዕዝ ክፍል ውስጥ ያለ ፊደል ሁሉ በ225 ይጀምራል። አሁን በ1255 ሠንጠረዥ 225 ማን ነው? ሁለተኛው የዕብራይስጥ ፊደል፣ ቤት። እንግዲህ በተሳሳተ ሠንጠረዥ የተነበበ አማርኛ የሚመስለው ይህን ነው፦ ቤት፣ ሁለት ጭረት፣ ቤት፣ ሁለት ጭረት፣ ቤት። ገጹ ሙሉ ቤት በቤት ይሆናል። (በምዕራብ አውሮፓው ሠንጠረዥ ደግሞ 225 ጭረት ያለባት የላቲን «አ» ናት። ስለዚህ በተበላሸ የአማርኛ ኢሜይል ውስጥ ያቺን ፊደል ደጋግማችሁ ካያችሁ መነሻው ያው ነው።)

ጉዱ ግን እዚያ አያበቃም። በ1255 ሠንጠረዥ ውስጥ ባዶ ቦታዎች አሉ፤ ለምሳሌ 138 ማንም የለበትም። «መድኃኒት» ብለን ስንጽፍ ኃ 225፣ 138፣ 131 ነው፤ ኒም 225፣ 138፣ 146። ኮምፓይለሩ 138 ላይ ሲደርስ «ለዚህ ቁጥር ፊደል የለኝም» ብሎ ይጮኻል። መጮኹ መልካም ነው፤ ቢያንስ ችግር እንዳለ እናውቃለን። «ወሰደ» የሚለው ቃልስ? ወ፣ ሰ፣ ደ፤ ዘጠኙም ቁጥሮች በ1255 ውስጥ ባለቤት አላቸው። ኮምፓይለሩ ምንም ሳይል ያልፋል፤ ስክሪኑ ላይ ግን የሚወጣው ቤትና ጭረት ነው። ማለትም መስመሩ ላይ «መድኃኒት» ከሌለና «ወሰደ» ብቻ ካለ፣ ፕሮግራሙ ያለ ምንም ስሕተት ተገንብቶ፣ ተልኮ፣ አያት እጅ ይደርሳል። ለእኔ ከሁሉ የሚያስፈራው ይህ ነው። የሚጮኽ ስሕተት ጊዜ ይበላል፤ ዝም የሚል ስሕተት ሰው ይጎዳል።

በመጋቢት 2022 ጃቫ 18 ሲወጣ ይህ ተቀየረ፤ ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ የትም ይሁን፣ ምንም ካልተነገረው ጃቫ በዩቲኤፍ-8 ያነባል። ስለዚህ ጃቫ 21 ያላት ተማሪ ዕብራይስጥ ዊንዶውስ ላይ ሆና አማርኛውን በትክክል አየችው፤ ጃቫ 11 ያለው ልጅ በዚያው ዓይነት ዊንዶውስ ላይ ቤት በቤት አየ። «እሺ፣ ሁላችንም ወደ 21 እንሂድ» ማለት ቀላል ነበር። ግን የወረስነው የዕብራይስጥ ዝርዝር በድሮው ልማድ በ1255 የተቀመጠ ፋይል ነው። እዚያ አሌፍ አንድ ቁጥር ናት፣ 224። ለዩቲኤፍ-8 ደግሞ 224 ብቻውን የቆመ ቁጥር አይደለም፤ «ሁለት ተከታይ አሉኝ» የሚል መነሻ ነው፣ ተከታዮቹ ደግሞ የሉም። ስለዚህ በአዲሱ ጃቫ አማርኛው ዳነ፣ ዕብራይስጡ ተሰበረ። በአሮጌው ጃቫ ዕብራይስጡ ደኅና ነው፣ አማርኛው ተሰበረ። ሁለቱን አንድ ላይ የሚገነባ አንድም ስሪት የለም ማለት ነው፤ ፋይሎቹ እንዳሉ እስከቆዩ ድረስ።

ይህን ለማስተካከል የተደረገው ነገር አሰልቺ ስለሆነ ባጭሩ ላልፈው፦ የዕብራይስጡ ፋይል አንድ ጊዜ፣ ለመጨረሻ ጊዜ፣ ወደ ዩቲኤፍ-8 ተቀየረ። ከዚያ በግንባታው ፋይል ውስጥ «ምንጩ ዩቲኤፍ-8 ነው» ተብሎ በግልጽ ተጻፈ፤ ኮምፒውተሩ ምን እንደሚያስብ ማንም እንዳይጠይቀው። ሜቨን የሚጠቀሙ ሰዎች ይህን ሳይጽፉ ሲቀሩ «ግንባታህ በመድረኩ ላይ የተመሠረተ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ያያሉ፤ ብዙ ሰው አያነበውም፤ ያ ማስጠንቀቂያ ግን ይህን ሁሉ ታሪክ በአንድ መስመር የሚናገር ነው።

ሁለተኛው የታሪክ ንብርብር ጃቫ 9 ነው፤ መስከረም 2017። በጃቫ 8 ጊዜ የትርጉም ፋይሎች (ፕሮፐርቲስ የሚባሉት) የሚነበቡት በምዕራብ አውሮፓው ሠንጠረዥ ነበር። አማርኛም ሆነ ዕብራይስጥ በቀጥታ ሊጻፍባቸው አይችልም፤ እያንዳንዱ ፊደል በዩኒኮድ ቁጥሩ መመንዘር ነበረበት። ለዚያ ሥራ ከጃቫ ጋር «ኔቲቭ-ቱ-አስኪ» የተባለች ትንሽ መሣሪያ ትመጣ ነበር። የአማርኛ ትርጉም በቁጥር ተመንዝሮ ሲታይ ሰው ሊያነበው አይችልም፤ ቃሉ ትክክል መሆኑን ለማረም የሚችል ሽማግሌ ወይም ነርስ ፋይሉን ቢከፍት የሚያየው ቁጥር ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሥርዓት አማርኛ የሚያውቀውን ሰው ከአማርኛው ሥራ ያስወጣዋል። ጃቫ 9 ፋይሎቹ በዩቲኤፍ-8 እንዲነበቡ አደረገ፤ መሣሪያዋም ስለማታስፈልግ ተነሣች። መልካም ለውጥ ነው። ነገር ግን በወረስነው የግንባታ መመሪያ ውስጥ ይህችን መሣሪያ የሚጠራ አንድ መስመር ነበር፤ ጃቫ 8 ላይ ይሠራል፣ ከ9 ጀምሮ «እንዲህ የሚባል ነገር አላገኘሁም» ብሎ ይቆማል። ተማሪዎቹ የጎደለውን መሣሪያ ከኢንተርኔት ፈልገው ሊጭኑ ነበር። መስመሩን መሰረዝ በቂ ነው።

በዚያው ጃቫ 9 ሌላም ነገር ተለወጠ። የወርና የቀን ስሞች ከዩኒኮድ ማኅበር የጋራ የቋንቋ መረጃ መወሰድ ጀመሩ። ከዚያ በፊት ጃቫ በራሱ መረጃ ዕብራይስጥን ያውቅ ነበር፤ አማርኛን አያውቅም፤ በአማርኛ ቀን ጻፍ ሲባል በእንግሊዝኛ ይጽፋል። ከ9 ወዲህ በአማርኛ ፊደል ይጽፋል። በጃቫ 8 የእንግሊዝኛውን ስም ጠብቆ የተጻፈ የሙከራ ኮድ በ9 ይወድቃል፤ የወደቀው ነገሩ ስለተሻሻለ ነው!

ሦስተኛው ንብርብር ከሁሉም የቆየ ነው፤ የዕብራይስጥ ስም። ዓለም አቀፉ የቋንቋዎች የሁለት ፊደል ኮድ በ1988 ሲወጣ ለዕብራይስጥ «አይ-ደብልዩ» የሚል ተሰጥቶት ነበር፤ ኢቭሪት የሚለው በጀርመንኛ አጻጻፍ በእነዚህ ፊደላት ይጀምራልና። በ1989 ተቀይሮ «ኤች-ኢ» ሆነ። ይዲሽና ኢንዶኔዥያኛም አብረው ተቀየሩ። አማርኛ ከመጀመሪያው «ኤ-ኤም» ነው፤ አልተነካም። እንግዲህ ጃቫ 1.1 በ1997 ሲወጣ፣ ኮዱ ከተቀየረ ከ8 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው፣ አሮጌውን ስም ያዘ። አዲሱን ብትሰጠው እንኳ በውስጡ ወደ አሮጌው ይቀይረዋል። የድሮ ፕሮግራሞች እንዳይሰበሩ ተብሎ ይህ ለ24 ዓመት ቆየ፤ እስከ መስከረም 2021፣ እስከ ጃቫ 17። አንድሮይድም ልማዱን ወርሶ የዕብራይስጥ ጽሑፍ የሚቀመጥበትን ፎልደር በአይ-ደብልዩ ሲሰይም ቆይቷል።

ጃቫ 17 ስሙን ወደ ኤች-ኢ ሲመልስ ጥንቃቄ አድርጓል፤ የትርጉም ፋይሎችን ሲፈልግ በሁለቱም ስም ይፈልጋል። የሚሰበረው ሰው በእጁ የጻፈው ነው፦ «ቋንቋው አይ-ደብልዩ ከሆነ ገጹን ከቀኝ ጀምር» የሚል ዓይነት መስመር። በጃቫ 11 ይሠራል። በጃቫ 17 ቋንቋው ኤች-ኢ ነኝ ይላል፤ መስመሩ አይመለከተውም፤ ዕብራይስጡ ከግራ ተሰልፎ ነጥቦቹና ቅንፎቹ ተገልብጠው ይወጣሉ። የመድኃኒት መጠን ከቅንፍ ጋር ሲገለበጥ ምን እንደሚሆን አስቡት። ወደ አሮጌው ልማድ የሚመልስ ማብሪያ ጃቫ 17 ውስጥ አለ፤ ለጊዜው ይረዳል፣ እኔ ግን አልወደውም። የሚሻለው በፊደል ከማወዳደር ይልቅ ሁለቱን በጃቫው የራሱ የቋንቋ መለያ (ሎካል) ሠርቶ ማወዳደር ነው፤ ያኔ በየትኛውም ስሪት ሁለቱ ወገን አንድ ስም ይይዛሉ።

ለተማሪዎች እንደነገርኳቸው፣ ግንባታ እምቢ ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው «ኮዱ ምን ሆነ» ሳይሆን «ማን ነው የሚያነበው» ነው። አንድ ኮምፒውተር ላይ ሦስት ጃቫ ሊኖር ይችላል፦ በትእዛዝ መስመሩ የሚጠራው፣ በሥርዓቱ ተለዋዋጭ የተጻፈው፣ ከመጻፊያው ፕሮግራም ጋር የመጣው። ግሬድልን ስሪቱን ሲጠይቁት በየትኛው ጃቫ እየሠራ እንደሆነ አብሮ ይናገራል፤ ሰው ግን የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አይቶ ይዘጋዋል። «የማይደገፍ የክላስ ፋይል ቁጥር 61» የሚለው መልእክትም አስፈሪ ይመስላል እንጂ ቀጥተኛ ነው፤ ከቁጥሩ ላይ 44 ቀንሱ። 61 ሲቀነስ 44፣ 17። 52 ከሆነ ጃቫ 8፣ 55 ከሆነ 11፣ 65 ከሆነ 21። መልእክቱ የሚለው «በ17 የተሠራ ነገር አምጥተህልኛል፤ እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት የተወለድኩ ነኝ» ነው። ግሬድል ራሱ በጃቫ 17 ላይ መሥራት የቻለው ከ7.3 ጀምሮ ነው፤ የአንድሮይዱ ተሰኪ ደግሞ ከ8.0 ጀምሮ ጃቫ 17ን ግድ ይላል። ስለዚህ የስልኩን ክፍል ማደስ የፈለገ ሰው ጃቫውን ያድሳል፤ ጃቫውን ሲያድስ ግሬድሉን፤ ግሬድሉን ሲያድስ ያን ከ2017 በፊት የተጻፈ መመሪያ። አንዱን ክር ሲስቡት ሙሉው ጋቢ ይተረተራል።

እኛ ዘንድ አሁን የግሬድሉ ቁጥር ከኮዱ ጋር አብሮ ተቀምጧል፤ የጃቫውም ቁጥር በግንባታው ፋይል ተጽፏል፤ ኮምፒውተሩ ሌላ ቢኖረው እንኳ የተጻፈውን ይፈልጋል። ከእያንዳንዱ ግንባታ በኋላም አንድ ቀላል ፍተሻ ይሮጣል፦ ከአማርኛው ዝርዝር «ወሰደ»ን አውጥቶ ሦስት ፊደል መሆኑን ይቆጥራል። ዘጠኝ ካገኘ ይቆማል። «መድኃኒት» ራሱን ያሳውቃል፤ ጠባቂ የሚያስፈልገው «ወሰደ» ነው።

የቀረው የቀን መቁጠሪያ ነው። አዛውንቶቹ ቀጠሯቸውን በኢትዮጵያ ወር ይፈልጋሉ፤ ሲግድ ደግሞ በዕብራይስጡ ሔሽቫን 29 ነው። የጃቫ መደበኛ ቀን ቆጣሪ የጃፓንን፣ የታይላንድንና የሂጅራን ያውቃል፤ ሁለቱንም የእኛን አያውቅም። አይሲዩ የተባለው ቤተ መጻሕፍት የኢትዮጵያውንም የዕብራይስጡንም በአንድ ጥቅል ይዟል። አንድ ጥቅል፣ አንድ ቁጥር፤ እሱን መርጠን ቁጥሩን አስረን ጽፈነዋል።